ከመንገዱ ወዲህ ውስኪ፣ ከመንገዱ ወዲያ ቢራና ወይን ብቻ፦ ሊከር ስቶር ልንከፍት ነው፣ የየአካባቢያችሁን ሕግ ንገሩኝ

ካሸሩ
ሰላም ለዚህ ቤት። ዲሲ ውስጥ አንድ ሊከር ስቶር (መጠጥ በጠርሙስ የሚሸጥ ሱቅ) ዘጠኝ ዓመት በካሸርነት ሠርቻለሁ። ጠርሙስ ደርድሬአለሁ፣ መታወቂያ አገላብጫለሁ፣ ሞቅ ብሎት የመጣውን "ዛሬ አልሸጥልህም፣ ነገ ና" ብዬ መልሻለሁ። አሁን ከባለቤቴ ጋር ያጠራቀምናትን ይዘን የራሳችንን ልንከፍት ተነሣን።

ቦታም አግኝተን ነበር። ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ላይ ስትወጡ፣ የዲሲና የሜሪላንድ ድንበር የሆነውን ኢስተርን አቬኑን እንደተሻገራችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መግቢያው ላይ። ኪራዩ የሚቀመስ ነው፣ መኪና ማቆሚያ አለው፣ ያገር ሰው በየማዕዘኑ ነው። ደላላው "ላይሰንሱ ችግር የለውም" ብሎ የሊዙን ወረቀት ላከልን። ለመፈረም ሁለት ቀን ሲቀረን ሥራ ላይ ሆኜ ለአንድ የቆዩ ደንበኛችን ነገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ አርብ አርብ አንድ ጂን ይወስዳሉ። የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ሳቁ። "እዚያ ውስኪ የሚሸጠው ካውንቲው ራሱ ነው። ከመንግሥት ጋር ልትፎካከር ነው?"

አጣራሁ፣ እውነታቸውን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ (የሜሪላንድ አንድ ወረዳ እንደማለት ነው) የግል ሱቅ ቢራና ወይን እንጂ ውስኪ፣ ቮድካ፣ ጂን አይሸጥም። እኔ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩበት መደርደሪያ ከዚያ ቦታ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ይኼን አላውቅም ነበር። ደላላውን ስጠይቀው "ቢራም እኮ አልኮል ነው" አለኝ።

አሁን ወረቀቱን መልሰን ከዜሮ ጀምረናል። ሌላ ስቴት ለመሄድም ዝግጁ ነን። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ማን ነው መሸጥ የሚችለው? መቼ? ታክሱስ? ዓመቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በኛ ጻፉልኝ፣ አለዚያ ይምታታብኛል።

ድስት_ጥጄ
እንኳን አልፈረምክ ወንድሜ! እኔ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት አለኝ። ሙሉ ባር ነው፣ ውስኪም እሸጣለሁ። ግን የምገዛው ከካውንቲው ብቻ ነው። ቢራውም፣ ወይኑም፣ ውስኪውም ከካውንቲው መጋዘን ነው የሚመጣው። ከ1933 ጀምሮ፣ የአልኮል ክልከላው ሲነሣ፣ እንዲህ ሆኖ የቀረ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ 17 ስቴቶች አልኮልን በተለያየ መንገድ ራሳቸው ይነግዳሉ፤ ሜሪላንድ ከነሱ አይደለችም፣ ሞንትጎመሪ ግን እንደ ካውንቲ ራሷ ታደርገዋለች።

ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ። ቅዳሜ ማታ ሰርግ መልስ አለ እንበል፣ አንድ ጠረጴዛ የያዘው ጎረምሳ ሁሉ አንድ ዓይነት ውስኪ ወደደ፣ አለቀ። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከኔ በር በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። እዚያ የግል ሊከር ስቶር ሞልቷል፣ ውስኪው ተደርድሮ ይታያል። ሄጄ ገዝቼ ብመጣ ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ ጠርሙሱና ደረሰኙ አይገናኙም። ስለዚህ ለሙሽራው አጎት ቆሜ "ጋሼ፣ ሌላ ላምጣልዎት?" እላለሁ። እሳቸውም "አገሩ ውስጥ ውስኪ ጠፋ?" ይላሉ። ከመንገዱ ማዶ አለ ብዬ አልነግራቸው!

ታክሱ 9 በመቶ ነው፣ በመላው ሜሪላንድ፣ ከ2011 ጀምሮ።

ሸዋ_በር
እኔ ሜሪላንድ በመጣሁ በሳምንቱ የሆነውን ልንገራችሁ። አጎቴ "ግሮሰሪ እንሂድ" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ጸጉሬን አበጠርኩ፣ ጫማዬን ወለወልኩ። አዲስ አበባ ግሮሰሪ ማለት ቆመህ ሁለት ድራፍት የምትገፋበት ነው። ወሰደኝ፣ ጎመንና ወተት ገዛን። "ቢራውስ?" አልኩት። "እዚህ ግሮሰሪ ቢራ አይሸጥም" አለኝ። ቢራ የሌለበት ግሮሰሪ! ያን ቀን ነው አገሬን የናፈቅኩት።

ድስት_ጥጄ
😂 እውነቱን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች፣ ከድሮ ጀምሮ ፈቃድ ከነበራቸው ጥቂቶች በቀር፣ ቢራና ወይን አይሸጡም። ለካሸሩ ይኼ ጥሩ ዜና ነው፤ ትንሹን ሱቅ በሕይወት ያቆየው እሱ ነው።

የስካይላይን_ልጅ
ቨርጂኒያን ልንገርህ። ቢራና ወይን በየሰቨን ኢለቨኑ አለ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ብቻ አይሸጥም። ውስኪ ግን የሚሸጠው በስቴቱ ሱቅ ብቻ ነው፣ ስሙ ኤቢሲ ይባላል። መጀመሪያ ታፔላውን ሳይ መዋዕለ ሕፃናት መስሎኝ ልጄን ላስመዘግብ ነበር። ስለዚህ ሊከር ስቶር ካልክ ቨርጂኒያን እርሳት።

ሬስቶራንት ካሰብክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እዚህ መጠጥ ብቻ የሚሸጥ ባር የሚባል ነገር ሕጉ አያውቅም፤ ምግብ መሸጥ አለብህ። የምግብና የለስላሳ ሽያጭህ ከውስኪና ከኮክቴሉ ጋር ተደምሮ ሲሰላ ቢያንስ 45 በመቶ መሆን አለበት፣ ለረጅም ዓመታት ሕጉ ይኼ ነበር። ቢራና ወይን ሒሳቡ ውስጥ አይገባም። የኛ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚያመሽ ታውቃለህ፤ አንድ ጥብስ ለአምስት ሰው ያዝና እስከ ሌሊት ውስኪ ነው። ቤት ስንከፍት የመጀመሪያው ዓመት ሒሳባችን አልሞላ ብሎ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ያዳነን ቁርጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ በኪሎ መሸጥ ስንጀምር ምግቡ ውስኪውን ጥሎት ሄደ። ሥጋ ቆራጩን ልጅ "የላይሰንሳችን ጠበቃ" ነው የምንለው።

ባለ18ጎማው
እኔ መኪና ላይ ነኝ፣ 48ቱን ስቴት ዞሬያለሁ። ከመጀመሬ በፊት፦ እየነዳሁ አልጠጣም፣ መኪናው ውስጥም ጠርሙስ አላስቀምጥም። ለኛ ሕጉ ሥራ ከመጀመርህ 4 ሰዓት በፊት አንድም ጠብታ አይፈቅድም፣ ጭነት ካልሆነ በቀር ጠርሙስ ይዘህ መገኘትም ክልክል ነው። ሞቴል ገብቼ ሁለት ቀን ሳርፍ ነው ቢራ የምገዛው። እዚያ ላይ ነው ጉዱን የማየው።

ኢንዲያና፦ ነዳጅ ማደያ ገባሁ፣ ሐምሌ ነው፣ አስፋልቱ ይቀልጣል። ቢራ አለ፣ ግን መደርደሪያ ላይ ነው። "ቀዝቃዛውስ?" አልኩት ልጁን። "ቀዝቃዛ ቢራ የሚሸጠው ሊከር ስቶር ብቻ ነው፣ እኛ የሞቀውን ነው" አለኝ። ከጎኑ ያለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ኮካው በረዶ ሠርቷል! ሕጉ ቢራውን አልከለከለም፣ ቅዝቃዜውን ነው የከለከለው። የገዛሁትን ሞቴሉ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በረዶ ሞልቼ ዘፈዘፍኩት። እሁድ መሸጥ የተፈቀደው ራሱ በ2018 ነው።

ዩታ፦ ግሮሰሪ ያለው ቢራ እስከ 5 በመቶ ነው፤ እስከ 2019 ድረስ ከዚያም የቀጠነ ነበር። ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ በስቴቱ ሱቅ ነው፣ እሁድ ዝግ። ሬስቶራንት ገብተህ ምግብ ካላዘዝክ መጠጥ አይሰጥህም። ለተራው መኪና ነጂም የደም አልኮል ጣሪያው 0.05 ነው፤ የትም ስቴት 0.08 ሆኖ ሳለ።

ፔንሲልቫኒያ፦ ይቺን ስሙ። በ1936 ጆንስታውን የምትባል ከተማ ጎርፍ በላት። ለመልሶ ግንባታ ተብሎ አልኮል ላይ 10 በመቶ "ጊዜያዊ" ታክስ ተጣለ። ከተማዋ ተሠራች፣ ታክሱ ቀረ። በ1963 ወደ 15፣ በ1968 ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። ዛሬም አለ። ፊላዴልፊያ ውስጥ ውስኪ የሚገዛ ሰው ሁሉ ለዚያ ጎርፍ እያዋጣ ነው።

ቴነሲ፦ ጃክ ዳንኤልስ የሚጠመቅበት ካውንቲ ሙር ይባላል። ካውንቲው ደረቅ ነው፣ ማለትም መጠጥ መሸጥ የማይፈቀድበት። ፋብሪካው ለጎብኚ መታሰቢያ ጠርሙስ እንዲሸጥ ተፈቅዶለታል እንጂ ከተማው ውስጥ ገብተህ አንድ መለኪያ ልጠጣ ብትል የለም። ማር ቆራጩ ጣቱን አይልስም እንደማለት ነው።

ሸዋ_በር
"ለዚያ ጎርፍ እያዋጣ ነው" 😂😂 ዕቁብ ሆነ እንዴ፣ መቼ ነው ዕጣው የሚወጣው?

የኦሮራዋ_እናት
ካሸሩ፣ የኔ ወንድም፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከሁሉም በላይ ይኼን አስብበት። ዛሬ ያለውን ሕግ ብቻ አይተህ አትግዛ።

እኔና ባለቤቴ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ሊከር ስቶር ገዛን። ያኔ ግሮሰሪዎች ቀጭን ቢራ ብቻ ነበር የሚሸጡት፣ 3.2 የሚባለውን። ጠንካራው ቢራ፣ ወይኑ፣ ውስኪው የኛ ነበር። ሱቁን ስንገዛ የከፈልነው ለመደርደሪያው አይደለም፣ ለዚያ ሕግ ነው። ያኔ አልገባንም።

በ2019 ለግሮሰሪዎቹ ጠንካራ ቢራ ተፈቀደ። "ቢራው ይሂድ፣ ወይን አለን" አልን። በ2022 ምርጫ ላይ ደግሞ ወይን ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና በጠባብ ልዩነት አለፈ። ማርች 1 ቀን 2023 ረቡዕ ነበር፣ አልረሳውም። ከልጄ ጋር እንቁላል ልገዛ ከሱቃችን ትይዩ ያለው ሱፐርማርኬት ገባሁ። አበባ የነበረበት ቦታ ወይን ተደርድሯል፣ እኛ በ12 ዶላር የምንሸጠው በ9 ዶላር። ልጄ "ማሚ፣ የኛ ወይን!" አለችኝ። እንቁላሉን ሳልይዝ ወጣሁ።

እስካሁን አልዘጋንም። ባለቤቴ ትልልቆቹ የማይይዙትን ያመጣል፣ የኢትዮጵያ ቢራ፣ ጠጅ፣ ሰው ስሙን የሚጠራበትን ውስኪ። በገቢ ግን ድሮና ዘንድሮ አይገናኝም።

አንድ ሌላ ነገር። እኛ ከመምጣታችን በፊት፣ እስከ 2008፣ ኮሎራዶ ውስጥ ሊከር ስቶር እሁድ ዝግ ነበር። ሱቁን የሸጡልን ሰውዬ ሕጉ ሲነሣ አዝነው እንደነበር ነገሩን። እኔ "ተጨማሪ ቀን ገቢ እየሆነ ምን ያሳዝናል?" ብዬ ነበር። ጎረቤቱ ከከፈተ አንተም ትከፍታለህ፣ የሰው ኪስ ግን ያው ነው፣ በስድስት ቀን የሚገዛውን በሰባት ቀን ይገዛል። እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ቅዳሴ አስቀድሼ ሳልጨርስ እየሮጥኩ ነው የምወጣው።

ካሸሩ
እህቴ፣ ይኼን ሳነብ ቁጭ አልኩ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ለዚያ ሕግ ነው የከፈልነው" ያልሽው አሁን ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፏል።

ዳላስ_ጋርላንድ
ቴክሳስ ሊከር ስቶር እሁድ አይከፈትም፣ ነጥብ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት። ቢራና ወይን በግሮሰሪ እሁድም አለ፣ ከ2021 ጀምሮ ከረፋዱ 4 ሰዓት።

አሁን አስቡት፤ ፋሲካ ሁሌም እሁድ ነው። 55 ቀን ጾመህ፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድረህ፣ ዶሮውን በልተህ ተኝተህ ስትነሣ የባለቤትህ አጎቶች ከሂውስተን ሳይናገሩ መጥተዋል። ውስኪ የለም። የት ትሄዳለህ? የዳላስ ሐበሻ ስቅለትን ሰግዶ ቅዳሜ ሊከር ስቶር ይሰለፋል። ሥራ ቦታ ያለ ፈረንጅ "ዛሬ ምን በዓል አላችሁ?" ብሎ ጠይቆኛል፣ ሁሉም ካርቶን ተሸክሞ ሲወጣ አይቶ። የገና ዕለት፣ የነሱን ማለቴ ነው፣ እሁድ ከዋለ ደግሞ ሰኞም ዝግ ነው።

ለካሸሩ ግን አንድ ደግ ነገር አለው፦ እዚህ አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ የሊከር ስቶር ፈቃድ አይሰጠውም። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ውስኪ መሸጥ አይችሉም። የኦሮራዋ እናት የደረሰባት እዚህ ገና አልደረሰም፣ ፍርድ ቤት ሲነታረኩ ግን ከርመዋል።

የአትላንታው
ጆርጂያ ውስጥም እሁድ ዝግ ነበር። በ2011 ስቴቱ "ከተማና ካውንቲ ራሳቸው ድምፅ ይስጡበት" አለና አብዛኛው ፈቀደ። እሁድ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የሚሸጠው። ቤተ ክርስቲያን እስኪያልቅ መሆኑ ነው። የነሱ ቤተ ክርስቲያን ማለቴ ነው፣ የኛ በዚያ ሰዓት ገና መዝሙር ላይ ነው።

ሬንተን_ዝናብ
ዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትል አካባቢ። እስከ 2012 ሜይ መጨረሻ ውስኪ የሚሸጠው ስቴቱ ነበር፣ ከጁን 1 ጀምሮ ለግል ተሰጠ። "እሰይ" ብለን ልንከፍት ስንል ሕጉን አነበብነው፦ ሱቁ ቢያንስ 10 ሺህ ስኩዌር ፊት መሆን አለበት። ያ ሱቅ አይደለም፣ ሜዳ ነው። ትናንሾቹ የስቴት ሱቆች የነበሩት በልዩ ሁኔታ ቀጠሉ እንጂ ለኛ ዓይነቱ በሩ ዝግ ነው።

ታክሱን ደግሞ አታንሱብኝ። መደርደሪያው ላይ 20 ዶላር የተጻፈበት ውስኪ ስትወስድ 20.5 በመቶ ይጨመራል፣ 4 ዶላር ከ10። በዚያ ላይ በሊትር 3.77 ዶላር አለ፤ ለ750 ሚሊው ጠርሙስ 2 ዶላር ከ83 ገደማ። 20 ያልከው 26.93 ሆኖ ይወጣል። አዲስ የመጣ ሰው ካሸሩ የሰረቀው ይመስለዋል። አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ደረሰኙን ይዛ ተመልሳ ገብታ ተጣልታለች። በአማርኛ።

የቀድሞ_መምህር
ልጆቼ፣ ስታወሩ ሰማሁና ልግባ። ለምን እንዲህ እንደተለያየ ማንም አልተናገረም። በ1920 በመላው አገሪቱ መጠጥ ታገደ። በ1933 ዲሴምበር ላይ 21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እገዳውን አነሣ። ነገር ግን "ተፈቀደ" ብሎ አላበቃም፤ ሁለተኛው አንቀጽ መጠጥ ወደ አንድ ስቴት የሚገባው በዚያ ስቴት ሕግ መሠረት ነው አለ። ስቴቶቹም ሥልጣኑን ተቀብለው ብዙዎቹ ለካውንቲና ለከተማ አወረዱት። ሚሲሲፒ እስከ 1966 ክልከላዋን እንደያዘች ቆየች። እናንተ ዛሬ የምትቸገሩበት ድንበር ሁሉ የዚያ ዓመት ቁራጭ ነው።

ዕድሜው ግን ለምን በሁሉም 21 ሆነ? የፌደራሉ መንግሥት በቀጥታ ማዘዝ ስላልቻለ በ1984 በመንገድ ገንዘብ ያዛቸው። ዕድሜውን 21 ያላደረገ ስቴት ለአውራ ጎዳና ከሚሰጠው ድጎማ ይቀነስበታል ተባለ። ሳውዝ ዳኮታ ከስሳ በ1987 ተረታች።

አገራችንም በ2019፣ በኛ በ2011 ዓ.ም.፣ በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ከልክላለች። የቢራ ማስታወቂያም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋው በዚያው አዋጅ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፦ ካሸሩ ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ሆነህ ስንት ቤት ሲፈርስ አይተሃል? ገንዘብህን ሌላ ነገር ላይ ብታውለው አይሻልም?

ካሸሩ
ጋሼ፣ ስለ ትምህርቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻውን ጥያቄ ባለቤቴም ጠይቃኛለች፣ ያፈረስኩት ቤት የለም ብዬ አልዋሽዎትም። ጠዋት በር ሳይከፈት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ በስም አውቃቸዋለሁ። አንዱን ለሦስት ወር አልሸጥልህም ብዬው ማዶ ካለው ሱቅ መግዛት ጀመረ። ለኔ ሰላምታ ከለከለኝ እንጂ መጠጡን አልተወም። ሌላ ሙያ የለኝም ጋሼ። የማውቀውን ሥራ በራሴ ስም ልሥራ ብዬ ነው።

የቀድሞ_መምህር
ስለ እውነቱ አመሰግንሃለሁ። እንግዲህ አምላክ ይርዳህ።

ዴራ_ዱባይ
ከዚህም ልጨምር። ዱባይ ሙስሊም ላልሆነ ሰው በፈቃድ ይሸጣል፣ ዕድሜ 21። በ2023 ጃንዋሪ 30 በመቶውን ታክስ አንሥተውት ነበር፣ በ2025 ጃንዋሪ መለሱት። ሻርጃ ግን ጎረቤት ናት፣ ከዱባይ ጋር የተጋጠመች ናት፣ እዚያ በሱቅም በሆቴልም አይሸጥም። ዱባይ ሠርቶ ሻርጃ የሚያድር ሐበሻ ብዙ ነው፣ ኪራዩ ስለሚረክስ። የልደት ቀን ሲሆን ግን ሁሉም ዱባይ ያለ ጓደኛው ቤት ነው የሚሰባሰበው። ጠርሙስ ይዞ ድንበሩን ለማለፍ የሚደፍር የለም። ኩዌት ያሉት እህቶቻችን ይኼን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እዚያ ጭራሽ ክልክል ነው።

ስቶክሆልም_ሪንከቢ
ስዊድን፦ ከ3.5 በመቶ በላይ የሆነውን፣ ከጥቂት በቀር፣ የሚሸጠው የመንግሥት ሱቅ ነው፣ ሲስተምቦላጌት ይባላል። ቅዳሜ አብዛኛው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እሁድ የለም። ባር ውስጥ በ18 ዓመትህ ትጠጣለህ፣ ከሱቅ ለመግዛት ግን 20 መሙላት አለብህ። ቅናሽ የለም፣ ቀዝቃዛም የለም። ባለ18ጎማው፣ ኢንዲያና ብቻዋን አይደለችም።

ጌሾ_ወዳጅ
ጥያቄ አለኝ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ያለ። ቤቴ ጠጅ እጥላለሁ፣ ለበዓል፣ ለጎረቤት። ሕገ ወጥ ነኝ እንዴ? አማቴ ደግሞ አረቄ ማውጣት ጀምራለች፣ ጋራዡ ውስጥ።

ድስት_ጥጄ
ጠጁ ችግር የለውም፣ እስካልሸጥከው ድረስ። በፌደራል ሕግ ወይን፣ የማር ወይንም ጭምር፣ አንድ አዋቂ ብቻ ባለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ባሉበት እስከ 200 ጋሎን ለራሱ መጥመቅ ይችላል። 200 ጋሎን ጠጅ ለሠፈር ሰርግ ይበቃል።

አረቄው ግን ሌላ ነው! ቤት ውስጥ ማንጠር በፌደራል ወንጀል ነው፣ አንድ ጠርሙስም ቢሆን፣ ለራስም ቢሆን። እማማን በፍቅር አስቁማቸው። እቃውንም ከጋራዡ አስወጣ።

ጌሾ_ወዳጅ
ማን ይነግራታል? አንተ ና ንገራት።

ቬጋስ_ማታ
እኔ ላስ ቬጋስ ነኝ። 24 ሰዓት ይሸጣል፣ ፋርማሲውም፣ ነዳጅ ማደያውም። "ስንት ሰዓት ይዘጋል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ መሆኑ በዚያ ይታወቃል። ታክሲ ስለምነዳ ሁሌም የማሳስበው ነገር አለ፦ እንግዶች ስትሪፑ (ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ዋናው መንገድ) ላይ ሰው መጠጥ ይዞ ሲሄድ ስለሚያዩ የግል መኪና ውስጥም የሚቻል ይመስላቸዋል። አይቻልም፣ በግል መኪና ውስጥ የተከፈተ ጠርሙስ ቅጣት አለው። ሱቁን በተመለከተ፣ ካሸሩ፣ አትምጣ። ሁሉም የሚሸጠውን ነገር ለማን ትሸጣለህ?

ካሸሩ
ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አንብበናል። ባለቤቴ ደብተር ገዝታ በየስቴቱ ጽፋዋለች፤ ኦሮራ የሚለው ገጽ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አለ።

ዲሲ ልንቀር ወሰንን። ቢያንስ የማውቀው ሕግ ነው ብዬ ነበር፣ እሱም እንዳሰብኩት አልሆነም። ካሸር ሆነህ የምታውቀውና ፈቃድ ጠያቂ ሆነህ የምታውቀው ይለያያል። መጀመሪያ ያየነው ቦታ ትምህርት ቤት አጠገቡ አለ፣ 400 ጫማ ራቁ ይላል ሕጉ። ባለቤቴ ከሥራ ስትወጣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛ መጥታ ከጥግ ጥግ ለካችው፣ እኔ ጫፉን ይዤ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ምን እየፈለግን እንደሆነ ጠየቀን። 340 ሆነ። ትተነው ሄድን።

ሁለተኛው ቦታ ርቀቱ ይበቃል። ማመልከቻ አስገባን፣ መስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ለተወሰኑ ቀናት። በነዚያ ቀናት የሠፈሩ ምክር ቤት ወይም ነዋሪው ተሰባስቦ ሊቃወም ይችላል። ስብሰባቸው ላይ ጠሩን። አዳራሹ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ነበር፣ አንዲት ሴትዮ ሹራብ እየሠሩ። ያሉን ይኼ ነው፦ ነጠላ ቢራ አትሽጡ። አንድ ጣሳ ገዝቶ በራችን ላይ የሚጠጣ ሰው አንፈልግም። ዲሲ ውስጥ በአንዳንድ ሠፈር በሕግ ራሱ የተከለከለ ነው፣ በዚህኛው ግን በስምምነት እንድንፈርም ነው የጠየቁን። ከፈረምን አይቃወሙም።

እኔ የጠዋቱን ገቢ አውቀዋለሁ። ከጠዋት እስከ ምሳ የሚገባው ገንዘብ ግማሹ ነጠላ ጣሳ ነው። ጋሼ መምህር የጠየቁኝ ሰዎች ማለት ናቸው።

የኦሮራዋ_እናት
ፈረማችሁ?

ካሸሩ
ባለቤቴ ሳትጠይቀኝ ፈረመች። ሹራብ የሚሠሩት ሴትዮ ከስብሰባው በኋላ ወደኛ መጡ፣ ሌላ ቅሬታ አላቸው ብዬ ስጠብቅ እንጀራ እናስመጣ እንደሆነ ጠየቁን። ማክሰኞና አርብ ይመጣል ብለናቸዋል። ማስታወቂያው ሊወርድ 19 ቀን ቀርቶታል።